አባቴ ለሳጥኗ ሊነግራት የነበረው

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አባቴ ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አድርጎ ተቀመጠ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከዚያ ከደረቴ ጋር ማውራት ጀመረ። «ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ» አለ። «እኔ የልጁ አባት ነኝ።» እኔ ሸሚዜን ሳልቆልፍ የሻይ ብርጭቆዬን ይዤ ቆሜያለሁ። አባቴ ግን ቀና ብሎ አላየኝም። ዓይኑ የተተከለው ከአንገቴ በጨርቅ ከረጢት ተንጠልጥላ ሆዴ ላይ ባረፈችው፣ ሳሙና በምታክል ሳጥን ላይ ነው። ከእሷ አምስት ቀጫጭን ሽቦዎች ወጥተው ደረቴ ላይ ከተለጠፉት ክብ ፕላስተሮች ጋር ይገናኛሉ። የልቤን ምት ሁለት ቀን ሙሉ ሳታቋርጥ የምትመዘግብ መሣሪያ ናት። ትናንት ገጠሙልኝ፣ ነገ ጠዋት እመልሳታለሁ። ድምፅ አትቀዳም። አባቴ ግን ትቀዳለች ብሎ አምኗል፤ ዶክተሩም ነገ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው ስለመሰለው፣ ሩቅ አገር ስልክ እንደሚደውል ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቃሉን እየመረጠ ይናገራል።

«ሌሊት አይተኛም። ተኝቷል ብዬ ባጠገቡ ሳልፍ ዓይኑ ቁልጭ ቁልጭ ይላል። ምግብ ይቆነጥራል እንጂ አይበላም። ከሥራ ሲመለስ ወይ መጽሐፍ ላይ ይደፋል፣ ወይ መስኮት ላይ ይደፋል። ጓደኛ የለውም። ሰው አያናግርም ዶክተር፤ ዋናው ችግሩ እሱ ይመስለኛል።»

ሰው አያናግርም ብሎ የከሰሰኝ፣ እናቴ የወለደች እህቴን ልትረዳ ወደ ሌላ ከተማ ከሄደች ከሁለት ወር ወዲህ ከእኔ ጋር የተነጋገረው ሁሉ ቢሰበሰብ አንድ ገጽ የማይሞላ ሰው ነው። እናቴ እያለችም ቢሆን በመካከላችን አስተርጓሚዋ እሷ ነበረች። «አባትህ ሹራብ ደርብ ይልሃል» ትለኛለች፣ አባቴ እዚያው አጠገቧ ተቀምጦ። አሁን አስተርጓሚዋ ስትሄድ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ በአንድ ማንቆርቆሪያና በሁለት ብርጭቆ ቀረን፤ «በሩን ቆልፈኸዋል?» «አዎ» እየተባባልን እናድራለን። «ዝም አይነቅዝም» ይላል አባቴ። እውነቱን ነው፣ አልነቀዘም። ግን ቤቱን ሞላው፤ አንዳንዴ ወንበር ለመሳብ እንኳን ቦታ ያጣሁ ይመስለኛል።

እውነቱን ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። እሱ ግን ወደ ሳጥኗ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሌላም ነገር አለ ዶክተር። የልጁ ሳይሆን የራሴ ነው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እሱን አሁን አይሆንም፣ ልጁ ይሰማል። ማታ።» ከዚያ ገና አሁን ከደጅ እንደገባሁ ሁሉ ቀና ብሎ አየኝና፣ «ሻይህ ይቀዘቅዛል» አለኝ። የከፈትኩትን አፍ ዘጋሁት። ነውር መሆኑ አልጠፋኝም። ግን ሃያ አራት ዓመት አብሮት የኖረ ሰው ለማንም ያልነገረው ነገር እንዳለው ሰምቶ፣ «ቆይ፣ እንዳትናገር» የሚል ማን ነው? እኔ አይደለሁም። ሸሚዜን በሽቦዎቹ ላይ ቆለፍኩና ወጣሁ።

አባቴ ሞኝ አይደለም። እምነቱ የመጣው ከሥራው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ድርጅቱ በየአውቶቡሱ መሪ ሥር ፍጥነት የምትመዘግብ ጥቁር ሳጥን አስገጠመ። ምን እንደምትመዘግብ ለሾፌሮቹ ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው ስላልነበረ፣ «ሁሉን ትሰማለች» ብለው ደመደሙ። መጀመሪያ ፈርተው ዝም አሉ። ኋላ ለመዷትና አቤቱታ ማቅረቢያ አደረጓት። «ጌቶቼ፣ የዘጠኝ ቁጥር ፍሬን ይታይልን።» «ጌቶቼ፣ ይቺ የምሳ ሰዓት ለሰው ናት ወይስ ለድመት?» እያሉ መንገዱን ሙሉ ሲያወሯት ይውሉ ነበር። አባቴ ስለ ፍሬኑ በነገራት በሳምንቱ ፍሬኑ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ማን ያሳምነው? ዓይኔ ደከመ ብሎ መሪውን ከለቀቀ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ በሳጥን ላይ ያለው እምነት ግን አልደከመም።

የእኔ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ፀጉር ቤት እሠራለሁ። ከአምስት ሳምንት በፊት፣ አንድ ሐሙስ፣ የአንድ ደንበኛ ጉሮሮ ላይ ምላጭ አሳርፌ ሳለሁ ልቤ ድንገት ተነሥቶ መሮጥ ጀመረ። ሩጫ ብቻ ቢሆን ይቻል ነበር፤ ከሩጫው መሃል ይደናቀፋል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ የቀረውን ለማካካስ እንደሚፈልግ ሁሉ እንደገና ይፈተለካል። ጆሮዬ ጭው አለ። ምላጩን መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ፣ አዛውንቱን ግማሽ ፊታቸው በሳሙና እንደተቀባ ትቼ፣ ወጥቼ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ምላጭ አልያዝኩም። የፀጉር ማሽን ብቻ ነው የምይዘው፤ የሚላጭ ሰው ሲመጣ ባለቤቱ ይቀበለኛል። ዶክተሩ፣ «ልብህ ሊሆን ይችላል፣ ፍርሃትህም ሊሆን ይችላል» አለኝ። «ሁለቱም መላ አላቸው፤ መላቸው ግን አንድ አይደለም።» ሳጥኗ የምትለየው ይህን ነው። የገጠመችልኝ ነርስ ሦስት ዓምድ ያለው ቅጽ ሰጠችኝ፦ ሰዓት፣ ምን እየሠሩ ነበር፣ ምን ተሰማዎት። ልቤ ሲለወጥብኝ ሳጥኗ ጎን ላይ ያለችውን ቁልፍ እንድጫን አሳየችኝ። ገላ መታጠብ ከለከለችኝ፤ ዋጋዋ የሁለት ዓመት ደሞዜ መሆኑንም ፈገግ ብላ ነገረችኝ። በመጨረሻ፣ «ተጠንቅቀህ እንዳትውል» አለች። «ሰው ይቺን ሲያስር ጨዋ ይሆናል። አይሮጥ፣ አይጣላ፣ አይፈራ። ደህና ደህናውን ብቻ ካሳየሃት እሷም ደህና ደህናውን ብቻ ነው የምታሳየን። እንደ ወትሮህ ዋል።»

እንደ ወትሮዬ መዋል እንዴት ከባድ እንደሆነ አውቶቡስ ውስጥ ገባኝ። ራሱን የሚያይ ሰው እንደ ወትሮው አይራመድም። አውቶቡሱ ሲነቀነቅ፣ «አሁን መስመሯ ምን ዓይነት ሆነች?» እላለሁ። አንድ ሰው እግሬን ሲረግጠኝ፣ «ይሄስ ተመዘገበ?» እላለሁ። ፍርሃት እንዳይመጣ ሳይሆን ሲመጣ እንዳያመልጠኝ ነበር የምጠብቀው፤ እንግዳ ለመቀበል ጣቢያ እንደቆመ ሰው። ፍርሃትም ሲጠብቁት የማይመጣ ዓይነት እንግዳ ነው። አጠገቤ የተቀመጠች፣ ጭኗ ላይ እንቁላል የተደረደረበት ትሪ የያዘች ሴትዮ፣ በሸሚዜ መሃል ብቅ ያለውን ሽቦ ስታይ ቆይታ መታገሥ አቃታት።

«ወንድሜ፣ ያማል?»

«አያምም። ያሳክካል።»

«ምንድን ነው ሥራው?»

«ልብ ነው የሚያይ።»

«ውይ» አለችና አሰበች። «ለባሌ በተገጠመለት። ልብ እንዳለው እንኳን ይለይልን ነበር።» ከፊት ያሉት ሁለት ሴቶች ሳቁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም፣ እንቁላሏን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

ፀጉር ቤቱ ሦስት ወንበር የምትይዝ ጠባብ ክፍል ናት። አንደኛው ወንበር የባለቤቱ ነው፤ ወታደር ቤት ደርሶ የማያውቀውን ይህን ሰው በጺሙ የተነሣ ሁሉም «ሻምበል» ይለዋል። ሁለተኛው «ራዲዮ» የምንለው ባልደረባዬ ወንበር ነው፤ ለምን ራዲዮ እንዳልነው ማስረዳት አያስፈልግም። ሦስተኛው፣ በሩ ጋ፣ ብርድ የሚገባበት፣ የእኔ ነው። ከመስታወቱ በላይ የዋጋ ዝርዝር ተለጥፏል፤ የምላጭ ዋጋ የማሽኑን እጥፍ ነው። ስገባ ሁለቱም ከተቀመጡበት ተነሡ። ተነሡ! ራዲዮ አፉን በእጁ ሸፍኖ በጭንቅላቱ ሰላም አለኝ። ሻምበል፣ በሦስት ዓመት ውስጥ «አንተ!» እና «ምን ትገተራለህ!» ከማለት በቀር ሌላ አጠራር የማያውቅልኝ ሻምበል፣ ፎጣ አጥፎ ሰጠኝና፣ «እንደምን አደርክ ወንድሜ፣ እባክህ አረፍ በል» አለ። ንግግሩ ወደ እኔ ይሁን እንጂ ዓይኑ ወደ ሆዴ ነበር። ነገሩ ገባኝ። ለካ አባቴ ትናንት አመሻሽ ላይ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ በዚህ በኩል አልፎ፣ «ለልጄ ድምፅ መቅጃ ተደርጎለታል፤ ነገ አነጋገራችሁን አስተካክሉ፣ ዶክተር ይሰማችኋል» ብሏቸው ኖሯል።

እዚህም ዝም አልኩ። አንዴ ዝም ያለ ሰው ሁለተኛው ይቀለዋል። ደግሞ ማየት የሚያሰኝ ነገር ነበር። ራዲዮ ዝም ሲል ክፍሉ ምን እንደሚመስል ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ የመቀስ ድምፅ፣ የውኃ ቧንቧው ጠብ ጠብ፣ ከጎን ያለው የልብስ ሰፊው መኪና። አንድ ባለ ሱቅ ገብቶ እንደተቀመጠ የሚስቱን ወንድም ስም ማጥፋት ጀመረ፤ ራዲዮ በማበጠሪያ ወደ ደረቴ ጠቆመው። ሰውዬው ወሬውን እንደ ትኩስ ድንች ዋጠና፣ «መልካም ሰው ነው፣ በጠቅላላው» ብሎ ጨረሰ። ራዲዮ ሲብስበት ወደ ደጅ ይወጣል፣ መንገደኛ ይዞ ሦስት ደቂቃ ያወራል፣ ተንፍሶለት ይመለሳል። ልብስ ሰፊው ደግሞ ሰምቶ መጣ፤ ፀጉሩን ሊቆረጥ ሳይሆን ሳጥኗ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ጉልበትም ታያለህ?» ሊል ነው። ሻምበል ሦስት ጊዜ «እባክህ» አለኝ። ቆጥሬአለሁ።

እስከ ስድስት ሰዓት አራት ፀጉር ቆረጥኩ። በየመሃሉ ቅጹን እሞላለሁ። ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ፀጉር ስቆርጥ፣ ምንም። አራት ሰዓት ከሩብ፣ ወለል ስጠርግ፣ ምንም። አምስት ሰዓት፣ ፎጣ ሳሰጣ፣ ምንም። ልቤ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ታዝዞኝ አያውቅም። ለምን አይታዘዝ? ማንም አልጮኸበት፣ ማንም ምን ትገተራለህ አላለው። «ምንም» የሚለውን ቃል ሰባተኛ ጊዜ ስጽፈው እጄ ቆመ። ነርሷ የነገረችኝ ይህንኑ ነበር። ነገ ይዤላት የምሄደው የእኔን ቀን አይደለም፤ አንድ በሕልም ያለ፣ ጨዋ ሰዎች በሹክሹክታ የሚኖሩበት ከተማ ቀን ነው። ዶክተሩ ይህን አይቶ «ምንም የለብህም፣ ሂድ» ይለኛል። እኔም እሄዳለሁ፤ ምላጭ ሳልይዝ፣ ልቤ ይሁን ፍርሃቴ ሳላውቅ።

መምህሩ የገቡት ያን ጊዜ ነው። ጡረታ ከወጡ ዓመታት የሆናቸው፣ ሐሙስ ሐሙስ የሚላጩ፣ ያን ቀን ግማሽ ፊታቸውን በሳሙና ትቻቸው የወጣሁ ሰው እሳቸው ናቸው። ኮታቸውን ሰቀሉ፣ ግራ ቀኙን አዩ።

«ምነው ሰው ሞቷል?» አሉ።

ራዲዮ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ በሌላው እጁ ወደ እኔ ጠቆመ። መምህሩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አንሥተው ሽቦዬን ተከትለው እስከ ሳጥኗ ወረዱ። «ድምፅ ይቀዳል እንዴ ይሄ?»

«አይቀዳም መምህር» አልኩ። «የልብ ምት ብቻ ነው።»

ራዲዮ ማበጠሪያውን ጣለ። «ምን አልክ? ታዲያ እኔ ከጠዋት ጀምሮ አፌን እንደ ማሰሮ የከደንኩት ለማን ኖሯል? የባለ ሱቁን ወሬ መሃል ላይ ቆርጬበታለሁ! ያ ሰው ለሌላ ሳምንት ተመልሶ ይመጣል? የሚስቱ ወንድም ምን እንዳደረገ ሳላውቅ ልሞት ነው!» እያለ የግማሽ ቀን ዕዳውን በአንድ ትንፋሽ ያወርደው ጀመር። ሻምበል ግን ቀስ ብሎ ነበር የመጣው። ጺሙ ተንቀጠቀጠ።

«አንተ! እኔን እንደ ሙሽራ 'እባክህ' ስታሰኘኝ ዋልክ?»

«አባቴ ነው እንጂ እኔ አላልኩም።»

«ዝም አላልክም? ዝም ያለ ብሏል! ድሮም ልብ አውልቅ ነህ፤ አሁን ደግሞ የራስህ ወለቀና በኛ ላይ ትጫወታለህ። እንግዲያው ዶክተር ካልሰማ እኔው ልንገርህ። ሰኞ ያንን ወንበር ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። ነግሬው ጨርሻለሁ። ምላጭ የማይዝ ሰው እዚህ ቤት ግማሽ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ለግማሽ ሰው ሙሉ ወንበር አላቆምም።»

መጣ። ልቤ አንድ ጊዜ ዘለለ፣ አንድ ጊዜ ጠፋ፣ ከዚያ ደረጃ እንደሚወርድ ልጅ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ሮጠ። ቁልፏን ተጫንኩ። ደረቴ ውስጥ የሚሆነውን ነገር ሌላ የሚያይልኝ ስላለ ነው መሰለኝ፣ ከፍርሃቱ ጎን አንድ ሌላ ነገር ቆመ፤ «እስቲ ወዴት ይሄዳል?» የሚል። በዚህ መሃል አፌ፣ «መምህርን እኔ ልላጫቸው» ሲል ሰማሁት።

ራዲዮ እንደገና ዝም አለ። መምህሩ ሻምበልን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ሄደው በሩ ጋ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ያለፈው ግማሽ ይቀረኛል» አሉ።

ፎጣውን በሙቅ ውኃ ነክሬ፣ ጨምቄ፣ ፊታቸው ላይ አኖርኩ። አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ አውጥቼ ለሁለት ሰበርኩና ግማሹን መያዣው ውስጥ አስገባሁ። ሳሙናውን በብሩሽ አረፋ እስኪሆን መታሁት። ጉንጫቸው ላይ ስጀምር ልቤ እየሮጠ ነው፤ ጆሮዬ ውስጥ ይሰማኛል፣ ከፕላስተሮቹ ሥር ላቡ ይወርዳል። የገረመኝ ግን እጄ ነው። እጄ የልቤን ወሬ አልሰማም። ምላጩ ከጆሮ ሥር እስከ አገጭ ቀጥ ብሎ ወረደ፤ ያቺ የደረቅ ወረቀት ድምፅ፣ ከኋላው ንጹሕ መንገድ። አምስት ሳምንት ሙሉ ሁለቱን አንድ አድርጌያቸው ነበር፤ ልቤ ከሮጠ እጄም ይሮጣል ብዬ። ማንም አልነገረኝም፣ እኔም ሞክሬው አላውቅም ነበር። ሁለተኛው ጉንጭ አለቀ። አገጭ አለቀ። ጉሮሮው ላይ ስደርስ፣ እዚያው ባለፈው ቦታ፣ ትንፋሼ አጠረ። ምላጩን አነሣሁ። እንደ ባለፈው ልወጣ በሩን አየሁት፤ አንድ እርምጃ ነው።

«መምህር» አልኩ፣ «አንድ ጊዜ ይታገሡኝ። ልቤ እየሮጠ ነው።» ልቤ እየሮጠ ሳለ ይህን ጮክ ብዬ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

«ይሩጥ» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ሲደክመው ይቆማል።»

«ኧረ መምህር!» አለ ራዲዮ። «ስለ ልብ እንዲያ አይባልም! ይቆማል ብሎ ነገር አለ?»

መምህሩ ከአረፋው ሥር ሳቁ፣ ሻምበል በአፍንጫው ሳቀ፤ እኔም ስቄ ሳልጨርስ ምላጩ የመምህሩ ጉሮሮ ላይ ነበር። አልሞትኩም። እሳቸውም አልሞቱም። ሲያልቅ ቀዝቃዛ ፎጣ አደረግኩላቸውና ቅጹን አወጣሁ፦ ስድስት ሰዓት ከሃያ አምስት፣ ምላጭ ይዤ፣ ልቤ ሮጠ እጄ አልሮጠም። ሻምበል መጣና የመምህሩን አገጭ በሁለት ጣቱ ይዞ እንደ ሐብሐብ አገላበጠው። «ከጆሮ ሥር አንዲት ፀጉር ትተሃል» አለ። ከዚያ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። «ሰኞ አርፍደህ እንዳትገባ።»

ወደ ቤት የሄድኩት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ በእግሬ ነው። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታውን ግን አንድ ነገር ይኮረኩረው ነበር። ፀጉር ቤቱ ውስጥ እውነቱን ተናገርኩ፤ ቤት ግን አንድ ሰው ለማታ ቀጠሮ ይዞልኛል። ዝም ብል ይነግራታል፣ እኔም እሰማለሁ። ብናገር ዝም ይላል፣ ምናልባት ለዘለዓለም። መደብር እያለፍኩ በመስታወቱ ውስጥ ራሴን አየሁ፤ ሆዱ ላይ ጉብ ያለ ነገር ያለው፣ የሌላ ሰው ኪስ ሊገባ የሚያመነታ ሌባ እመስላለሁ።

አባቴ ኮት ለብሶ ጠበቀኝ። ለሠርግና ለቀብር ብቻ የሚለብሰውን ጥቁር ኮት። ጠረጴዛው ተወልውሏል፣ ሁለት ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ መስኮቱ የመንገድ ጫጫታ እንዳይገባ ተዘግቷል። ሬዲዮኑ ከነመሰኪያው ተነቅሏል።

«ፈትተህ አስቀምጥልኝና አንተ ውጭ ቆይ» አለኝ።

«አትፈታም አባዬ። ነገ ነርሷ ናት የምትፈታት።»

ይህን አላሰበበትም ነበር። ቆሞ ሳጥኗን አየ፣ እኔን አየ፤ ጠባብ መንገድ ላይ አውቶቡስ ሊያዞር እንደሚያስብ ሰው። «እንግዲያው ተቀመጥና ጆሮህን ያዝ» አለ።

ተቀመጥኩ። ጆሮዬን በሁለት መዳፌ ያዝኩ፤ ሃያ አራት ዓመት የሞላኝ ሰው። እሱም ተቀመጠ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። በመዳፌ ውስጥ ሁሉም ነገር ይሰማል፤ ከሩቅ፣ ከውኃ ሥር እንደሚመጣ። «ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ጠዋት ያነጋገርኩህ ነኝ። እንግዲህ…» አለና ቆመ። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል። የኮቱን ቁልፍ እየያዘ ይለቃል። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ አምስት ሳምንት ሙሉ የፀጉር ቤቱ መስታወት ውስጥ ሳየው የከረምኩት ፊት ነው። እጄን ከጆሮዬ አወረድኩ።

«አባዬ፣ ድምፅ አትቀዳም። የልብ ምት ብቻ ነው የምትመዘግበው። ዶክተሩ ምንም አይሰማም።»

ዝምታው መጣ። እኔና እሱ ዝምታን በየዓይነቱ እናውቃለን፤ የቁርስ ዝምታ፣ የቂም ዝምታ፣ የድካም ዝምታ። ይሄ ከሁሉም የተለየ ነበር። ጎረቤት ሕፃን ሲያለቅስ ቆይቶ ተወ። ማንቆርቆሪያው ምድጃው ላይ ቀስ ብሎ ማፏጨት ጀመረ፣ ሁለታችንም አልተነሣንም።

«ጠዋት የተናገርኩትስ?»

«እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት።»

«ጓደኛ የለውም ያልኩትን?»

«እሱንም።»

ተነሥቶ ምድጃውን አጠፋ። ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። «እንግዲያው የድርጅቱም ሳጥን ድሮም አትሰማም ነበር ማለት ነዋ» አለ።

«አይመስለኝም።»

«ያን ሁሉ ዓመት?» ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ደነገጥኩ፤ እየሳቀ ነው። «ፍሬኑን ግን ሠርተውታል።» ሳቁ ሲያልቅ ትከሻው እዚያው ከፍ ብሎ ቀረ። ከዚያ ለመስታወቱ ይመስል፣ ወደ እኔ ሳይዞር፣ «ዓይኔ ምንም አልሆነ» አለ።

ዝም አልኩ። ይህኛው ዝምታ ለማወቅ ከመጓጓት አልነበረም፤ እንዲቀጥል ቦታ ለመልቀቅ ነበር።

«ዳገቱ ላይ ነበር። ስልሳ ሰው ይዣለሁ፣ የቆመውን ሳልቆጥር። እዚህ ጋ» ብሎ በጡጫው ደረቱን ነካ፣ «እንደ ላላ ብሎን ይንኳኳ ጀመር። ይንኳኳል፣ ይቆማል፣ ይንኳኳል። ዳር ያዝኩና ጎማ ተነፈሰ አልኳቸው። ወርጄ ጎማው ሥር ተንበረከክሁ፤ ደህና ጎማ፤ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ደህናውን ጎማ ስዳስስ ቆየሁ። ይሰድቡኛል። በማግስቱ የዓይን ሐኪም ፊት ቀርቤ የፊደል ሰሌዳው ሦስተኛ መስመር አይታየኝም አልኩ። ጥርት ብሎ ይታየኝ ነበር። ዓይን የደከመው ሾፌር ይታዘንለታል። ልቡ የፈራ ሾፌር ግን…» አልጨረሰውም። «እናትህ አታውቅም።»

«አሁንስ ይመጣል?»

«ባለፈው እሑድ መጥቶ ነበር። የዳቦ ወረፋ ላይ።»

አሥራ አራት ዓመት። ስንት ጊዜ በሩን ከፍቼ ስገባ ግድግዳ ተደግፎ አይቼው «እያረፈ ነው» ብያለሁ? ልቤ መፍጠኑን ያን ጊዜ አስተዋልኩ፤ ቁልፏን ተጫንኩ፤ የተጫንኩበትን ድምፅ ሰምቶ ዞረ።

«ምን አደረግህ?»

«ልቤ ሲለወጥ እንድጫን ነው የተነገረኝ።»

«በእኔ ነው?»

«በአንተ ነው።»

ሊቆጣ ይሁን ሊያፍር ከፊቱ ማንበብ አልቻልኩም። መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሳጥኗ በላይ፣ ዓይን ዓይኔን አየኝ። የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታ፣ አወለቀው፣ ወንበሩ ጀርባ ላይ ሰቀለው።

«ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትመልሳት?»

«ሦስት ሰዓት።»

«ስንተኛ ፎቅ ናቸው?»

«አራተኛ።»

«ሊፍት አለው?»

«አለው፤ አይሠራም።»

መንገዱን፣ ፌርማታዎቹን፣ ደረጃውን በልቡ ሲያሰላ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።

«እንግዲያው አብረን ሁለት ሰዓት ላይ እንውጣ» አለ። «እኔ በየፎቁ አርፋለሁ።»